ዝናንም መጠጥንም የወረሰች ልጅ

በዓል በመጣ ቁጥር በየቤታችን የሚታይ አንድ ነገር አለ። ጠላው ይቀዳል፣ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ በመካከሉ አንዱ አጎት ብርጭቆውን ወደ አራት ዓመት ሕፃን አፍ ያስጠጋል። ሕፃኑ ፊቱን ሲያጨማድድ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «አባቱን ነው የወጣው!» የሚልም አይጠፋም። እኔም እንደ ሌላው ስቄ አውቃለሁ። ሰሞኑን የአንዲት አሜሪካዊት ተዋናይት ሁለት መጻሕፍት ተራ በተራ ሳነብ ግን ያ ሳቅ ደጋግሞ ትዝ አለኝ።

ተዋናይቷ ድሩ ባሪሞር ትባላለች። «ኢ.ቲ.» የተሰኘውን የስቲቨን ስፒልበርግን ፊልም ያዩ አንባብያን ያስታውሷታል። ከሌላ ዓለም የመጣውን ፍጡር አይታ የምትጮኸው፣ ኋላም ቀሚስና ሰው ሠራሽ ጠጉር አልብሳ ሴት ያስመሰለችው ትንሿ ልጅ እርሷ ነች። ፊልሙ በ1982 ሲወጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። (ስለ እርሷና ስለ ቤተሰቧ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ ይሏል።) በዚያው ዓመት በኅዳር ወር «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የታወቀ የቴሌቪዥን ዝግጅት መርታለች። በዚያ ዕድሜ ዝግጅቱን የመራ ከእርሷ በፊት አልነበረም፤ ከእርሷም በኋላ አልተገኘም።

ዝናው በድንገት ከሰማይ የወረደ እንዳይመስለን። የባሪሞር ቤተሰብ በአሜሪካ ትያትርና ሲኒማ ውስጥ እንደ ነገሥታት ዘር የሚቆጠር ነው። «ድሩ» የሚለው ስሟ እንኳን የመጣው ከአያቷ አያት ከወይዘሮ ሉዊዛ ሌን ድሩ ነው። እኒህ ሴት ከ1861 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል በፊላዴልፊያ ከተማ የአርች ስትሪት ትያትርን በሥራ አስኪያጅነት የመሩ ነበሩ። ሴት ልጅ የራሷን ገንዘብ ለማዘዝ እንኳ ብዙ በምትቸገርበት ዘመን አንድ ትያትር ቤት በእጃቸው አቁመው ማስተዳደራቸው በዚህ ዓምድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የልጅ ልጆቻቸው ሊዮኔል፣ ኤቴልና ጆን ሦስቱም ስመ ጥር ተዋንያን ሆኑ። የድሩ አያት ጆን ባሪሞር ነው። በ1922 በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ሐምሌትን ሆኖ 101 ጊዜ ተጫውቷል፤ በዘመኑ እንደ እርሱ ሐምሌትን የተጫወተ አሜሪካዊ የለም ይባልለት ነበር። ሰውየው ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ከመጠጥ ጋር ተጣብቆ የኖረ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚናገረውን ቃል ማስታወስ አቅቶት በሰሌዳ ላይ ተጽፎለት ከካሜራው ጀርባ እያየ ያነብ ነበር። አራት ጊዜ አግብቶ አራት ጊዜ ፈቷል። በ1942 በስልሳ ዓመቱ ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሆሊዉድ የቤተሰቡን ሕመም ያውቅ ነበር፤ ያወቀውንም ሸጦታል። ሊዮኔል በ1931 የኦስካር ሽልማት ያገኘው ሰካራም ጠበቃና አባት ሆኖ በተጫወተበት ፊልም ነው። ጆን ራሱ በ1933 «ዲነር አት ኤይት» በተባለው ፊልም ዘመኑ ያለፈበትና መጠጥ የጣለው ተዋናይ ሆኖ ሠራ። ተመልካቹ አጨበጨበ። ሰውየው በፊልሙም በቤቱም እየሰመጠ እንደ ነበር ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም ነበር።

የጆን ልጅ ዳያና ባሪሞር ደግሞ የባሰውን አየች። አባቷን በሕፃንነቷ እምብዛም አላወቀችውም፤ እርሷም ተዋናይት ሆነች፤ እርሷም ጠጣች። በ1957 የሕይወት ታሪኳን ከአንድ ጸሐፊ ጋር ሆና አሳተመች። የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እጅግ ብዙ፣ እጅግ ቶሎ» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ በገፍ ተሸጠ፤ በዓመቱም ፊልም ተሠራበት። በፊልሙ ጆን ባሪሞርን ሆኖ የተጫወተው ኤሮል ፍሊን ነበር። ፍሊን የጆን የቅርብ ወዳጅና የመጠጥ ጓደኛ የነበረ ሲሆን ፊልሙ በወጣ በዓመቱ በሃምሳ ዓመቱ አረፈ። ዳያናም ብዙ አልቆየችም፤ በጥር 1960 በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ሞተች። ሁሉን ተናግራ፣ ሁሉን ጽፋ፣ ሕዝብ አንብቦላትና አዝኖላት ሳለ ማለት ነው። ይህችን ሴት እንዳትዘነጉብኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስባታለሁ።

የድሩ አባት ጆን ድሩ ባሪሞር የዳያና ወንድም ነው፤ በእናት ይለያያሉ። እርሱም አባቱን ሳያውቅ አደገ፤ እርሱም ተዋናይ ሆኖ ተስፋ የተጣለበት ነበር፤ እርሱም በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ተሰናከለ። ልጁ ድሩ በየካቲት 1975 ስትወለድ ትዳሩ ፈርሶ ነበር ማለት ይቻላል። እናቷ ጄይድ ከሀንጋሪ ስደተኞች በጀርመን የስደተኞች መጠለያ የተወለደች፣ ትወናን የምትመኝ ሴት ነበረች። በሎስ አንጀለስ ልጇን ብቻዋን ማሳደግ ያዘች። ልጅቱ ገና የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ሳለች ለውሻ ምግብ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ቀረበች። እንግዲህ የሥራ ዘመኗ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ድሩ ራሷ በ1990 በታተመው የመጀመሪያ መጽሐፏ ተናግራለች። «የጠፋችው ትንሽ ልጅ» የሚል ትርጉም ያለው ይህ መጽሐፍ ሲወጣ ዕድሜዋ ገና አሥራ አምስት ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሕይወት ታሪክ! በእኛ አገር ቢሆን «ምን ኖራ ነው?» እንል ነበር። የኖረችው ግን ይኸውላችሁ፤ በዘጠኝ ዓመቷ መጠጥ፣ በአሥር ዓመቷ ማሪዋና፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ኮኬይን። እናቷ የሥራ ወኪሏ ሆና ነበርና ትልልቅ ሰዎች ወደሚጨፍሩበት የሌሊት ጭፈራ ቤት ይዛት ትገባ ነበር። በዚያ ፎቶግራፍ አንሺው ይጠብቃል፤ አሳላፊው ያውቃታል፤ ሁሉም ይስቅላታል። «ሂጂና ተኚ» የሚላት ግን አልነበረም።

ይህን ያነበበች እናት ወይዘሮ ጄይድን ለመርገም ትቸኩል ይሆናል። እኔ ግን ፍርዱን በአንድ ጊዜ መጨረስ አልቻልኩም። ብቻዋን የቀረች፣ ራሷ ተዋናይት የመሆን ሕልሟ ያልተሳካላት ሴት፣ የቤቱ እንጀራ በልጇ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል። ልጅ የቤት አስተዳዳሪ ሲሆን የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። ደመወዝ የሚያመጣውን ሰው መቆጣት ለማንም ቢሆን ይከብዳል፤ ደመወዙን የምታመጣው የስምንት ዓመት ልጅ ስትሆን ደግሞ ቁጣው ከነጭራሹ ከቤት ይጠፋል። እናትና ልጅ መሆናቸው ቀርቶ ጓደኛሞች ይሆናሉ። ልጅ ጓደኛ በጎረቤት ታገኛለች፤ እናት ግን ከወዴት ልታመጣ?

አሜሪካኖች ይህን ችግር በሕግ ሊጠግኑት ሞክረዋል። ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በ1921 «ዘ ኪድ» በተባለው ፊልም የሠራው ሕፃን ጃኪ ኩጋን ሚሊዮኖች አስገኝቶ ሲያድግ እጁ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው፣ በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ። በዚሁ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት በ1939 ሕፃናት ተዋንያን ከሚያገኙት ገንዘብ የተወሰነው እስኪያድጉ እንዲቀመጥላቸው ሕግ አወጣ፤ በ2000 ሲሻሻልም ከገቢው 15 በመቶው በአደራ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆነ። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚጠብቀው የልጁን ገንዘብ ነው። የልጁን ምሽት የሚጠብቅ አንቀጽ የለውም።

በቀረጻው ቦታ ግን አንድ የጠበቃት ሰው ነበር። ስፒልበርግ ልጅቱ ያን የጎማ ፍጡር ሕያው ነው ብላ ማመኗን አይቶ፣ ቀረጻ ባይኖርም እንኳን ወደ እርሱ ሄዳ ስታነጋግረው ዓይኑንና እጁን የሚያንቀሳቅሱ ሠራተኞች እንዲቆሙላት አዘዘ። ልጅቱ በምሳ ሰዓት ከአሻንጉሊቱ ጋር ተቀምጣ ታወራ ነበር። ኋላ ስታስታውስ እንደ ተናገረችው ስፒልበርግን አባት ሁነኝ ብላ ጠይቃዋለች። አባት ሊሆናት አልቻለም፤ የክርስትና አባት ሆናት። ሃያ ዓመት ሲሞላት በ1995 ለአንድ የወንዶች መጽሔት ራቁቷን ፎቶግራፍ ብትነሣ ይኸው ሰው ብርድ ልብስ ላከላት፤ ሰውነትሽን ሸፍኚ የሚል ማስታወሻ አክሎበት። ከመጽሔቱ ያሉትን ፎቶግራፎችም ልብስ አልብሶ አስተካክሎ አብሮ ላከ። ቁጣም እንዲህ በፍቅር ሲሆን ይሰማል። በስምንትና በዘጠኝ ዓመቷ ግን ስፒልበርግ ሌላ ፊልም ላይ ነበር።

በአሥራ ሦስት ዓመቷ ማገገሚያ ገባች። በራሷ አነጋገር አንድ ዓመት ተኩል ያህል በር በሚቆለፍበት ተቋም ቆይታለች። በዚያ ቤት ስሟን ሰምቶ የሚደነግጥ አልነበረም፤ በሰዓቱ መነሣት፣ በሰዓቱ መብላት፣ መቆጣት ሲመጣ መታገሥ ነበረባት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እናቷ እዚያ ማስገባቷን ይኮንናል። ድሩ ግን ካደገች በኋላ ያን ቤት የምታነሣው ሥርዓት ያስተማራት ቦታ እያለች ነው። ከዚያም እርሱ ራሱ ከአደንዛዥ ዕፅ በተመለሰው በዘፋኙ በዴቪድ ክሮስቢና በባለቤቱ ቤት ለሦስት ወር ያህል ተቀመጠች።

ቀጥሎ የመጣው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለመገመት የሚያስቸግር ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ፍርድ ቤት ቀርባ በሕግ ከወላጅ ሥልጣን ወጣች። የካሊፎርኒያ ሕግ አሥራ አራት ዓመት የሞላው፣ ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖርና የራሱን ገቢ የሚያስተዳድር ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። ዳኛው ሲፈቅዱ ልጁ ቤት ይከራያል፣ ውል ይፈርማል፣ በራሱ ስም ያድራል። ድሩም ቤት ተከራየች። ሁለተኛው መጽሐፏ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ይኸው ምዕራፍ ነው። ዓለም የሚያውቃት ተዋናይት ልብስ ማጠብ አታውቅም። የቆሸሸ ልብሷን ተሸክማ ሳንቲም እየተከተተበት ወደሚያጥብ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄዳ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መካከል ቆማ፣ ተማረች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ልብስ ማጠብ አለመቻሏ በገጠሩ እናቶቻችን ዘንድ ያስቃል። ያስተማራት ሰው አለመኖሩ ግን አያስቅም።

ሥራም ጠፋ። በአሥራ አራት ዓመቷ ያለቀላት ናት ተባለ፤ የሱሰኛ ስም የወጣላትን ልጅ ማንም ፊልም ሠሪ አልፈልግም አለ። ቡና ቤት ገብታ በአሳላፊነት ሠራች። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎች ስለሚያውቁት አላስረዝመውም፤ ትንንሽ ክፍሎችን እየወሰደች ተመለሰች፤ በ1995 ከጓደኛዋ ከናንሲ ጁቮነን ጋር የራሷን የፊልም ኩባንያ አቋቋመች፤ በ2000 «ቻርሊስ ኤንጅልስ» በዓለም ዙሪያ ታየ። በአንድ ቤት ተዘግተው ስላረጁ እናትና ልጅ በሚተርከው «ግሬይ ጋርደንስ» በተባለው የ2009 የቴሌቪዥን ፊልም የጎልደን ግሎብ ሽልማት አገኘች። እናትና ልጅ የሚናናቁበትንና የማይለያዩበትን ታሪክ እርሷ መጫወቷ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

አባቷ ሲታመም የሐኪም ወጪውን የከፈለችው እርሷ ነች። ያላሳደጋት፣ ሲመጣም የሚያስፈራራት ሰው ነበር። በ2004 እስኪሞት ድረስ አልተወችውም። እናቷንም እንዲሁ በገንዘብ ትረዳለች፤ ግንኙነታቸው ግን እስካሁን ቀላል እንዳልሆነ አትደብቅም። እኛ ዘንድ «እናት ሁሌም እናት ነች» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ድሩ አልዘጋችውም፤ ትረዳታለች፣ ትርቃታለችም፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

አሁን ወደ ዳያና ልመለስ። ዳያና መጽሐፏን ጽፋ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሞታለች። ሁለተኛውን የድሩን መጽሐፍ፣ በ2015 የታተመውን «የዱር አበባ» የተሰኘውን ሳነብ ይህ አልጠፋኝም። በአርባ ዓመቷ የጻፈችው መጽሐፍ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም። ስለ ኮኬይንና ስለ ጭፈራ ቤት ብዙ አያወራም፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ አባቷ፣ ስለዚያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትተርካለች። ባል አላት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። አንባቢው መጽሐፉን ሲከድን «እፎይ፣ ተሻገረች» ይላል። እኔም ብያለሁ።

አልተሻገረችም ነበር። በ2016 ትዳሯ ፈረሰ። ሦስተኛዋ ትዳር ነበር፤ ለልጆቿ ያልደረሰባትን ቤት ልትሰጣቸው ተስፋ ያደረገችበት። ከፍቺው በኋላ እንደገና መጠጣት ጀመረች፤ አደንዛዥ ዕፅ ሳይሆን በማንም ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚገኘውን የተፈቀደውን መጠጥ። ለዓመታት ያማከራት የሥነ ልቦና ባለሙያ መጠጡን ካላቆመች ሊረዳት እንደማይችል ነግሯት ተዋት። በ2019 አቆመች። ለማንም ሳትናገር ሁለት ዓመት ተኩል ቆይታ በታኅሣሥ 2021 በቴሌቪዥን ተናገረች፤ ባለሙያውም ተመልሶላታል።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ዝምታ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ሁሉንም ለሕዝብ አወጀች፤ በአርባ አራት ዓመቷ ግን መጀመሪያ አቆመች፣ ቆየች፣ ከዚያ ተናገረች። መጽሐፍ መጻፍ ሰውን ከመጠጥ አያላቅቅም፤ ዳያናን አላላቀቃትም። በአገራችንም ባሏ ወይም ልጇ «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» ብሎ በሽማግሌ ፊት ሲምል ደስ ብሏት፣ በሳምንቱ ደግሞ በሩ ሲንኳኳ የምትሰማ ሴት ጥቂት አይደለችም። መሐላው ውሸት አልነበረም ይሆናል። አንድ ቀን መናገርና በየቀኑ አለመጠጣት ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሰው የሚያጨበጭበው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ስለ ውርስም ጥቂት ልበል። የመጠጥ ሱስ በደም ይወረሳል ወይ ብለው የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለመጠጥ ሱስ ከመጋለጥ ግማሽ ያህሉ ከዘር የሚመጣ ሲሆን፣ ቀሪው ከአስተዳደግና ከአካባቢ ነው። በአሜሪካ በ1997 የወጣ ታዋቂ ጥናትም፣ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው መጠጣት የጀመሩ ሰዎች በሃያ ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ ከጀመሩት ይልቅ በአራት እጥፍ ገደማ ለሱስ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ አያት ቅድመ አያቱ ጠጪ የነበረ ልጅ ላይ የሚደርሰውን መለወጥ የምንችለው በደሙ ሳይሆን በዓመቶቹ ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ ተከልክሏል። አዋጁ ግን ሱቅና ቡና ቤት ላይ ያበቃል። ከጓዳ ተቀድቶ በአጎት እጅ ወደ ሕፃን አፍ የሚሄደውን ብርጭቆ የሚይዝ የመንግሥት እጅ የለም፤ የሚይዘው እጅ ጠላውን የጠመቀችው እናት እጅ ነው። አጎትየው ቢቆጣ ይቆጣ።

ድሩ ባሪሞር ከመስከረም 2020 ጀምሮ በስሟ የሚጠራ የቴሌቪዥን ዝግጅት መምራት ይዛ በየዕለቱ ብዙ ሕዝብ ያያት ጀመር፤ እንግዶቿን ታቅፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። የሁለት ልጆቿን ፊት ግን ለሕዝብ አታሳይም። ሁለቱም በመካከለኛ ስማቸው ባሪሞርን ይዘዋል፤ ትወናም ቢመኙ የሚያስደንቅ አይሆንም። እናታቸው ትልቅ ሰው እስኪሆኑ ድረስ በፊልም እንዲሠሩ እንደማትፈቅድ ተናግራለች። በአሥራ አንድ ወሯ ለውሻ ምግብ ማስታወቂያ የቀረበችው ሕፃን እናት ሆና የሰጠችው መልስ ይህ ነው፤ ልጆቹም እንደ ሌሎቹ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።